የማይጠጣ ማኅበር



መጠጥ እተዋለሁ ብሎ ቆርጦ የተነሣ ሰው አይተው ያውቃሉን? ያላዩ እንደ ሆነ፣ ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ከሾላ ገበያ ተነሥተው እስከ ኮተቤ ድረስ በየመንገዱ ዳር ያሉትን መሸታ ቤቶች ዘወር ዘወር ብለው ይመልከቱ። በወትሮው ቀን መቀመጫ የማይገኝበት ቤት ቀዝቀዝ ብሎ ይገኛል፤ አስተናጋጇም በሩን ተደግፋ ስልኳን ስትነካካ ትታያለች። ከቀሩት ደንበኞች መካከል አንዳንዱ ሃምሳ አምስቱን ቀን አንዲት ጠብታ ሳይቀምስ ይፈጽማል። ደመወዙ ሳይሸራረፍ ቤቱ ይገባል፤ ልጆቹ የቤት ሥራቸውን ከአባታቸው ጋራ ይሠራሉ፤ ሚስቱም ለጎረቤቷ በሹክሹክታ «ዘንድሮስ ሳይተወው አይቀርም» ትላለች። ፋሲካ ውሎ ባደረ በማግሥቱ ግን ከመንደሩ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ደጃፉ ላይ ተዘርሮ የሚገኘው ይኸው ሰው ነው።

55 ቀን የቻለ ሰው 56ኛውን ቀን ስለ ምን አልቻለም? ጎረቤቱ «ፈቃደ ደካማ ነው» ይላል፤ አማቱ «ዓይነ ጥላ ነው» ትላለች፤ እሱም ራሱ አፍሮ ዝም ይላል። እኔ ግን መልሱ ከዚህ ሁሉ የቀለለ ይመስለኛል። በሁዳዴ የሚጾመው ብቻውን አልነበረም፤ መንደሩ ሁሉ አብሮት ይጾም ነበር። «አንድ ጠጣ» የሚለው አልነበረም፤ አልጠጣም ቢልም «ምን ሆንህ? አመመህ እንዴ?» ብሎ የሚመረምረው አልነበረም። በፋሲካ ዕለት ግን «በሞቴ! አፈር ስሆን!» የሚለው ዘመድ ሁሉ ብርጭቆውን ይዞ ይመጣበታል። ሃምሳ አምስቱን ቀን ጓደኛ ነበረው፤ በፋሲካ ጓደኞቹ ሁሉ ከድተውት ብቻውን ቀረ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ወጣት እንዳይሸጥም አዝዟል። መልካም ሕግ ነው። ዳሩ ግን «በሞቴ»ን የሚከለክል አዋጅ እስካሁን አልወጣም።

ቋንቋችንም ቢሆን በዚህ ነገር ላይ ይመሰክራል። በአማርኛ ማኅበር ይጠጣል። «የማርያም ማኅበር እጠጣለሁ» የሚል ሰው ስለ ወንድማማችነቱ መናገሩ እንጂ ስለ ጠላው መናገሩ አይደለም፤ ሆኖም ቃሉ መጠጣት ነው። ማኅበርተኞቹ በየወሩ በጻድቁ ወይም በእመቤታችን ቀን በተራ በአንዱ ቤት ይገናኛሉ፤ ካህኑ ይባርካል፤ ዳቦው ይቈረሳል፤ ጠላው ይቀዳል፤ በመጨረሻም ባለ ተራው ጽዋውን ይረከባል። ከማኅበርተኞቹ አንዱ የቀረ እንደ ሆነ «ምነው ቀረ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ታሞ ከሆነ ይጐበኛል፤ ኀዘን ደርሶበት ከሆነ ይጽናናል። ሰውን ከውድቀት የሚያነሣ ከዚህ የበለጠ ሥርዓት ማን ያውቃል? ታዲያ ጠላው የማይስማማው ማኅበርተኛ ምን ይሁን? ብርጭቆውን ባሳለፈ ቍጥር ሰዎቹንም የሚያሳልፍ ይመስለዋል። ወይ ይጠጣል፤ ወይ ይቀራል። ከቀረም በኋላ ቤቱ ተቀምጦ ከራሱ ጋራ ብቻ ይታገላል፤ በዚህም ትግል ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው እሱ ነው።

እንግዲህ የዛሬው ጽሑፌ ጕዳይ ስለማይጠጣ ማኅበር ነው። እንደዚህ ያለ ማኅበር በዓለም ላይ ካለ ዘጠና ዓመት ሆኖታል፤ አጀማመሩም ሊነገር የሚገባው ነው።

በ1927 ዓ.ም. በግንቦት ወር ቢል ዊልሰን የሚባል የ39 ዓመት አሜሪካዊ ከኒው ዮርክ ተነሥቶ በኦሃዮ ግዛት ወደምትገኘው አክሮን ወደምትባል ከተማ ለንግድ ጕዳይ ሄደ። ይህ ሰው የአክሲዮን ነጋዴ ነበረ፤ በመጠጥም ምክንያት ሀብቱንም ክብሩንም አጥቶ ብዙ ጊዜ ሆስፒታል ከገባ በኋላ ከአምስት ወር ወዲህ መጠጥ ትቶ ነበር። በነዚያ አምስት ወሮች ውስጥ በኒው ዮርክ ያገኘውን ሰካራም ሁሉ ይሰብክ ነበር፤ አንድም የዳነለት ሰው አልነበረም። ሆኖም አንድ ነገር አስተዋለ፤ ሌሎቹ ባይድኑም፣ እነሱን ለማዳን ሲሮጥ እሱ ራሱ ሳይጠጣ ከርሟል።

በአክሮን የሄደበት ጕዳይ ሳይሳካ ቀረ። በሜይፍላወር ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ወዲያና ወዲህ ሲል በአንድ ወገን የመጠጥ ቤቱ ሣቅና ጫጫታ ይሰማዋል፤ በሌላው ወገን የሕዝብ ስልክና የአብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር አለ። አንባቢ ሆይ፤ የኛም ሰው ደመወዝ በተቀበለበት ማታ የሚቆመው በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ አይደለምን? ዊልሰን ስልኩን መረጠ። ወደ አንድ ቄስ ደውሎ «የሚያነጋግረኝ ሰካራም ፈልጉልኝ» የሚል እንግዳ ጥያቄ አቀረበ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመራ በመጨረሻ ሄንሪየታ ሳይበርሊንግ የተባለች ወይዘሮ ዘንድ ደረሰ፤ እርስዋም ግንቦት 4 ቀን በቤቷ ከአንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋራ አገናኘችው።

ሐኪሙ ዶክተር ቦብ ስሚዝ ይባላል፤ ዕድሜው 55 ነበረ። መጠጥ ሥራውን ሊያሳጣው ተቃርቦ ነበርና ስብከት ሰልችቶታል፤ ስለዚህ ከ15 ደቂቃ በላይ እንደማይቀመጥ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። ነገር ግን ከስድስት ሰዓት በላይ ተቀመጠ። ለምን ቢሉ፣ የመጣው ሰው አልሰበከውም፤ የራሱን ታሪክ ብቻ ነገረው። ዶክተሩም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የሱን ሕመም ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሱ ከሚያውቅ ሰው ጋራ ተነጋገረ። ከዚያም በኋላ አንድ ጊዜ ወድቋል፤ የመጨረሻውን መጠጥ የጠጣው ሰኔ 3 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ጣልያን አገራችንን ከመውረሩ አራት ወር ሳይሞላ ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ያንን የመጨረሻ ቢራ የሰጠው ራሱ ዊልሰን ነበረ፤ ምክንያቱም ሐኪሙ በዚያ ቀን ቀዶ ሕክምና ነበረበትና እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህን የእጅ መንቀጥቀጥ አንባቢዬ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ያ ቀን የማኅበሩ ልደት ሆኖ ይቈጠራል። ሁለቱ ሰዎች ወዲያው ሆስፒታል ሄደው ሦስተኛ ሰው ፈለጉ፤ እሱም አልጋ ላይ የተኛ ጠበቃ ነበረ። በ1931 ዓ.ም. መጽሐፋቸው ሲታተም መቶ ያህል ነበሩ፤ ማኅበሩም ስሙን ያገኘው ከዚሁ መጽሐፍ ነው፤ «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» ይባላል፤ ስማቸውን የማይገልጡ የመጠጥ ሕሙማን ማለት ነው። በ1933 ዓ.ም. የካቲት ሳተርደይ ኢቭኒንግ ፖስት የተባለው ሥዕላዊ ሳምንታዊ መጽሔት ስለነሱ አንድ ረዥም ጽሑፍ ሲያወጣ 2,000 ያህል የነበሩት አባሎች በዚያው በፈረንጆች ዓመት ወደ 8,000 ከፍ አሉ። (በሳምንታዊ መጽሔት ላይ ለሚጽፍ ሰው ይህ ወሬ ደስ የሚያሰኝ መሆኑን አልደብቅም።) ዛሬ ማኅበሩ በ180 ያህል አገሮች ይገኛል፤ አባሎቹም ከሁለት ሚሊዮን ያላነሱ ናቸው ተብሎ ይገመታል።

ስብሰባቸው ምን ይመስላል? ለማየት የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚያስገርመው ነገር፣ የሚያስገርም ነገር አለመኖሩ ነው። ወንበሮች በክብ ተደርድረዋል፤ ቡናና ሻይ አለ፤ አንዱ አባል ስብሰባውን ይመራል። ሐኪም የለም፤ መምህር የለም፤ መዝገብ የለም። መናገር የፈለገ የመጀመሪያ ስሙን ብቻ ይናገራል፤ የመጠጥ በሽተኛ መሆኑን ይናገራል፤ ከዚያም ቀድሞ እንዴት እንደ ነበረ፣ ምን እንደ ደረሰበት፣ አሁንም እንዴት እንደ ሆነ ይተርካል። ሲናገር ማንም አያቋርጠውም፤ ሲጨርስ ማንም አይመክረውም። ለኛ አገር ሰው ይህ የመጨረሻው ደንብ ከሁሉ ይልቅ ይከብዳል፤ እኛ ችግር የነገረንን ሰው ሳንመክር መሸኘት ነውር ይመስለናልና። መናገር ያልፈለገ ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ ስሙም አይጠየቅም። አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ካለፈ በኋላ አንድ ዕቃ ይዞራል፤ የቻለ ለቡናውና ለቤቱ ኪራይ ትንሽ ይጥላል፤ ያልቻለ ያሳልፋል። የአባልነት ክፍያ የለም፤ ከመንግሥትም ሆነ ከነጋዴ ከውጭ ርዳታ አይቀበሉም። አባል ለመሆን የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጠጥ ለመተው መፈለግ።

ሁለተኛው ነገር ዘመኑን ማሳጠራቸው ነው። «ለዘለዓለም አልጠጣም» ብሎ መማል በነሱ ዘንድ የለም። የዛሬን ብቻ አልጠጣም ይባላል፤ ነገ ሲመጣ እሱም ዛሬ ይሆናልና እንደገና ይባላል። በኛ አገር ጠጪው በታቦት ይምላል፤ በልጆቹ ስም ይምላል፤ በካህን ፊት ይገዘታል፤ መሐላውን በሰበረ ቀን ደግሞ ከመጠጡ ይልቅ መሐላው ይገድለዋል፤ «አንዴ ከፈረስኩማ» ብሎ እስከ ንጋት ይጠጣል። የቀን መሐላ ግን ቢሰበርም በማግሥቱ ይታደሳል።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ለኛ አይሆንም» ይሉኛል። እኔ ግን ነገሩን ጠጋ ብዬ ስመለከተው ከፈረንጅ ይልቅ የኛን ይመስላል። የማኅበሩ ትምህርት 12 ደረጃዎች አሉት። በአምስተኛው ደረጃ ሰውየው በደሉን ለእግዚአብሔር፣ ለራሱና ለአንድ ሌላ ሰው ይናዘዛል፤ ይህን የንስሐ አባት ያለው ክርስቲያን ሳይነገረው ያውቀዋል። በስምንተኛውና በዘጠነኛው ደረጃ የበደላቸውን ሰዎች ቈጥሮ፣ ሌላ ጕዳት የማያደርስ እስከ ሆነ ድረስ፣ ሄዶ ይክሳል፤ ይህም ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ካሣ የከፈለና ጕልበት ስሞ የታረቀ ሰው የሚያውቀው ሥርዓት ነው። እግዚአብሔርንም በሚመለከት፣ እያንዳንዱ እንደ እምነቱ ይጠራዋል እንጂ የአንዱ ሃይማኖት ማኅበር አይደለም።

ሌሎች ደግሞ «ይሠራልን?» ይላሉ፤ ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮክሬን የተባለው የሕክምና ምርምሮችን የሚመዝን ድርጅት 10,565 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 27 ጥናቶች አንድ ላይ መርምሮ ነበር። ሰውን ወደዚህ ማኅበር በሥርዓት የሚመራው ሕክምና ከመጠጥ ፈጽሞ በመራቅ ረገድ ከሌሎቹ የታወቁ የምክር ሕክምናዎች በልጦ ተገኘ፤ በቀረው ሁሉ ግን ከነሱ ጋራ ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ሁሉን ያድናል ማለት አይደለም። ገብተው የወጡ፣ ወጥተው የጠፉ ብዙ ናቸው። ሆኖም ወጪው አንድ ስኒ ቡና ለሆነ መድኃኒት ይህ ትንሽ ውጤት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2019 በፈረንጅ አቈጣጠር 400 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመጠጥ ሳቢያ የሚመጣ የጤና ቀውስ ነበረባቸው፤ በዚያው ዓመት በመጠጥ ምክንያት የሞቱትም 2.6 ሚሊዮን ናቸው። ይህን ያህል ሕዝብ የሚያክም ሐኪም በየትም አገር የለም።

አሁን ወደ ራሳችን ተራራ እንውጣ። ከየካ ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው የእንጦጦ ሰንሰለት ከባሕር ዛፉ ጋራ ፊት ለፊቱ ተዘርግቶ ይታያል። በዚያ ከፍታ፣ ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ በኪዳነ ምሕረትና በሌሎቹ የጠበል ቦታዎች ሌሊት ተነሥተው ብርዱን ታግሠው የሚጠመቁት ሕሙማን ብዙ ናቸው። ከነሱም መካከል ሚስት ወይም እናት እየጐተተች ያመጣችው፣ አለዚያም በገዛ እግሩ የመጣ ጠጪ አይጠፋም። ሰባት ቀን፣ ሁለት ሱባዔ፣ ሦስት ሱባዔ ይቈያል፤ በአቅራቢያው ቤት ተከራይቶ ከማያውቃቸው ጠበልተኞች ጋራ ያድራል። ያንዱን ታሪክ አንዱ ይሰማል፤ የዳነው ቆሞ ይመሰክራል፤ ያልዳነው ያለቅሳል። አንባቢ ሆይ፤ በአክሮን ከተማ የተደረገው ይህ አይደለምን? ስለ ጠበሉ ኀይል መናገር የኔ ድርሻ አይደለም፤ ነገር ግን ጠበልተኛው በዚያ ተራራ ላይ ጠበሉን ብቻ ሳይሆን ጓደኛም ማግኘቱ በዓይን የሚታይ ነው።

በዚህ ላይ ግን ሁለት አደጋዎች አሉ፤ ሁለቱንም ፈርቼ አላልፋቸውም።

አንደኛው ቅድም አደራ ያልኩት የእጅ መንቀጥቀጥ ነው። ለብዙ ዓመት ዕለት ዕለት ሲጠጣ የኖረ ሰው መጠጡን በአንድ ቀን ቢያቆም ሰውነቱ ይናወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ እንቅልፍ ይነሣዋል። በሁለት ቀን ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊይዘው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ ሰው ይቃዣል፤ የሌለ ነገር ያያል፤ ያለበትን ቦታና ጊዜ ይስታል፤ ሰውነቱ እንደ እሳት ይነዳል። ይህ ሳይታከም ከቀረ ይገድላል። በጠበል ቦታ በሦስተኛው ቀን የሚጮኸውን ሰው አስታማሚዎቹ «መንፈሱ ሊለቅ ነው» ብለው ይይዙት ይሆናል፤ ሰውየው ግን በዚያች ሰዓት የሚያስፈልገው ሐኪም ነው። ስለዚህ ጠዋት ሳይጠጣ እጁ የማይረጋ ሰው ወደ ተራራውም ሆነ ወደ ማንኛውም ስብሰባ ከመሄዱ በፊት ወደ ሐኪም ይሂድ። ሐኪሙ የሚያረጋጋ መድኃኒትና ቫይታሚን ይሰጠዋል፤ ባለፉት ዓመታትም እንዲህ ያለ መንፈራገጥ የደረሰበት ከሆነ ይህን ሳይደብቅ ይናገር። ጠበልና መድኃኒት ጠላቶች ናቸው የሚል ካለም፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ እንዲወስዱ በይፋ መክረው እንደ ነበረ ያስታውስ።

ሁለተኛው አደጋ ቍልቍለቱ ነው። ሱባዔው ሲያልቅ ጠበልተኛው ዕቃውን ጠቅልሎ ብቻውን ይወርዳል። ከተራራው እስከ ቤቱ ድረስ ያለውን መንገድ ያውቀዋል፤ በመንገዱ ላይ ያለውንም አረቄ ቤት ሁሉ ያውቀዋል። በላይ አብረውት ያለቀሱት ሰዎች ወደየመጡበት ተበትነዋል። ማታ በ12 ሰዓት ምላሱ ሲደርቅ ለማን ይናገር? ለሚስቱ ቢናገር ትደነግጣለች፤ ለመሥሪያ ቤት ባልደረባው ቢናገር ይሥቅበታል። ሁዳዴውና ሱባዔው በአንድ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ያልቃሉ።

ታዲያ የማያልቀውን ከወዴት ያገኛል? ሩቅ ሳይሄድ በኮተቤ የአእምሮ ሕክምናን ከሌላው ሕክምና ጋራ አጣምሮ የሚሰጠው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል አለ፤ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ሕሙማን መጀመሪያ የታከሙበት ስለ ሆነ ስሙን የማያውቅ የለም። በመርካቶ አካባቢም ነባሩ የአማኑኤል ሆስፒታል አለ። «አማኑኤል ሲገባ ታየ» መባልን የሚፈራ ሰው ይኖራል፤ በደጁ ላይ ወድቆ መታየትን ግን ስንት ጊዜ ታገሠው! እዚያ የሚሄድ ሰው መድኃኒት ተቀብሎ ብቻ እንዳይመለስ፤ መጠጥ የተዉ ሰዎች በአንድነት የሚነጋገሩበት ቀን እንዳለ ራሱ አፍ አውጥቶ ይጠይቅ፤ ከሌለም ከሐኪሙ ዘንድ ሌላ እንደሱ ያለ ታካሚ ጋራ እንዲያገናኘው ይለምን። እንግሊዝኛ የሚሰማ ሰው ደግሞ ማኅበሩ በኢንተርኔት የሚያደርጋቸውን ስብሰባዎች በእጅ ስልኩ ከቤቱ ሆኖ ሊገባባቸው ይችላል፤ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ እነዚህ በጣም በዝተዋል። ዳሩ ግን አባባ የሚያፍሩበትን ነገር በባዕድ ቋንቋ ተናግረው ይቀልላቸዋል ብዬ አላምንም።

ለዚህ ነው ከማኅበሩ ደንቦች ሁሉ አንዱ እጅግ ደስ የሚያሰኘኝ። ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ላለመጠጣት ብለው ከተገናኙ ማኅበር ናቸው። ፈቃድ፣ ማኅተም፣ ሊቀ መንበር አያስፈልጋቸውም። (በሊቀ መንበርነት ምርጫ የፈረሱትን የኛን ማኅበሮች ያየ ሰው ይህን ደንብ ያመሰግናል።)

በኮተቤ በኩል እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች አውቃለሁ። አንደኛው አናጢ ነው፤ ሁለተኛው የሚኒባስ ሾፌር። የተዋወቁት በጠበል ቦታ ነው፤ ሲወርዱ ስልክ ተለዋወጡ። በየማታው የመጠጫቸው ሰዓት ሲደርስ አንዱ ለሌላው ይደውላል፤ ብዙ ጊዜ የሚነጋገሩት ስለ ኳስና ስለ ነዳጅ ሰልፍ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ሥራ ከተፈታ በኋላ በአናጢው መሥሪያ ቤት በጣውላ ክምር ላይ ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። ስለ አክሮን ከተማ ሰምተው አያውቁም። አሁን አራት ሆነዋል። አናጢውን «ጋሼ፣ ከመካከላችሁ አንዱ ጠጥቶ ቢመጣስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ይምጣ እንጂ!» አሉኝ። «ጠጥቶ የመጣ ይቀመጣል፤ አይናገርም። የሚናገረው በሚቀጥለው ሐሙስ ነው። ባይመጣ ነው እኔን የሚያሳስበኝ።» ሾፌሩም ከጐን ሆኖ «ጋሼ እኔን ሁለት ጊዜ ዝም አሰኝተውኛል» ብሎ ሣቀ።

በከተማችን ይህን ነገር የሚያከብደው ይሉኝታ ነው። ሰው የሚያውቀው ሰው በየጥጉ አለና «ነገ ሾላ ላይ ይወራብኛል» ብሎ ይፈራል። ፍርሀቱ ከንቱ አይደለም። ስለዚህ በስብሰባው የተሰማው ከዚያ እንዳይወጣ መጠበቅ ለንስሐ አባት የተሰጠውን ምሥጢር የመጠበቅ ያህል መሆን አለበት፤ አንድ ጊዜ ምሥጢር የወጣበት ማኅበር ሁለተኛ ሰው አይገባበትም። ሐሜት የማይችለው ሰው ሌላውን ነገር ሁሉ ይቻለው፤ ከዚህ ማኅበር ግን ይቅር።

መጠጥ የማያስቸግራቸው አንባቢዎቼ «እኛስ ምን አገባን?» እንዳይሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። በዚህ ወር የማኅበር ባለ ተራ ነዎትን? ከጠላው አጠገብ ብርዝ ወይም ቀሪቦ በእንስራ ያኑሩ፤ በተመሳሳይ ብርጭቆም ይቅዱት። የማይጠጣው ሰው ለብቻው የለስላሳ ጠርሙስ ይዞ እንደ ሕፃን እንዳይታይ፣ «ምን ሆንህ?» ተብሎም እንዳይመረመር። «በሞቴ» ማለት ልማድ ሆኖ አላስችል ካለዎትም በዳቦው ላይ ይበሉት።

የቀሩት ሚስቶቹ ናቸው። በአሜሪካም ባሎች ሲሰበሰቡ ሚስቶች በኩሽና ውስጥ ቡና እያፈሉ ይጠብቁ ነበር፤ እዚያም እርስ በርሳቸው መነጋገር ጀመሩ፤ በመጨረሻ በ1943 ዓ.ም. የዊልሰን ባለቤት ወይዘሮ ሎይስ ከወዳጇ ጋራ ሆና አል አኖን የተባለውን የቤተሰቦች ማኅበር አቋቋመች። ከጠጪ ጋራ የኖረች ሴት የራሷ ሕመም አላት፤ ኪስ መፈተሽ፣ እግር ኮቴ ማዳመጥ፣ ለአለቃው «አሞት ነው የቀረው» ብሎ መዋሸት፣ ልጆችን ቶሎ ማስተኛት። ባሏ መጠጡን ሲተው ይህ ሁሉ ልማድ በአንድ ቀን አይተዋትም።

የአናጢው ባለቤት ሐሙስ ሐሙስ ቡናውን የምታፈላው እርስዋ ናት። የሾፌሩም ሚስት ልጅ አዝላ ትመጣለች። ጓዳ ተቀምጠው ለሁለት ሳምንት ያህል ስለ ሽንኵርትና ስለ ዘይት ዋጋ ሲያወሩ ቈዩ። በሦስተኛው ሐሙስ የአናጢው ባለቤት ረከቦቱን ወደ ጐን ገፋ አድርጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያንቺስ ይማታ ነበር?» ስትል ጠየቀቻት።